ጥርስ ባዳ ነው፦ በሚያስደነግጥ ዜና ለምን እንቀልዳለን?

እ.ኤ.አ. ጁን 2023 ላይ አንድ ዜና የጓደኞቼ ግሩፕ ውስጥ ገባ። ነገሩ የሆነው ኢኳዶር ውስጥ ነው። ሞተዋል ተብለው የሬሳ ሳጥን ውስጥ የገቡ አንዲት እናት ከሰዓታት በኋላ ሲተነፍሱ ተገኙ። ዘመድ ለሐዘን ተሰብስቦ ሳለ ማለት ነው።

ግሩፑ ደቂቃ አልፈጀበትም። አንዱ «ማን እንዳለቀሰ ሊያጣሩ ነው የተነሱት» አለ። ሌላው ተቀበለው፤ «ያላለቀሰውንም መዝግበዋል»። እኔም አልቀረሁም። «ሳጥኑ አሁን ይመለሳል ወይስ ቤት ይቀመጣል?» ብዬ ጻፍኩ። የሳቅ ኢሞጂ ዘነበ።

በዚህ መሃል የአንዲት ጓደኛችን ስም ሥር «እየጻፈች ነው» የሚለው ምልክት ብቅ አለ። ጠፋ። እንደገና ብቅ አለ። እንደገና ጠፋ። ምንም አልላከችም። እናቷን ከቀበረች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ሌሎቻችን ያነበብነው ስለማናውቃቸው ሴትዮ ነው። እሷ ያን ዜና ስታነብ ወደ ራሷ እናት ቀብር ተመልሳ ሄዳለች። «እኛስ በደንብ አይተናል?» እያለች እንዳደረች የነገረችኝ በኋላ ነው።

ይህን አይቶ «ልባችን ደንድኗል» ብሎ መደምደም ይቻላል። ግን ልክ አይመስለኝም። ያን ቀን ግሩፑ ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። አማርኛም ነገሩን ቀድሞ ታዝቦታል፤ «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል። ሆድ የሚያውቀውን ጥርስ አያውቅም። ለምን እንዲህ እንደሆነ ግን ተረቱ አይነግረንም። እሱን ነው ዛሬ ላፍታታ የፈለግሁት።

ከመኮርኮር እንጀምር። ራስህን ብትኮረኩር አትስቅም። የማታውቀው ሰው መንገድ ላይ ድንገት ቢኮረኩርህ ደግሞ ትጮሃለህ እንጂ አትስቅም። ጓደኛህ ሲኮረኩርህ ግን ሳቁ ያፍንሃል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲዎቹ ፒተር ማግሮውና ካሌብ ዋረን እ.ኤ.አ. በ2010 ያቀረቡት ሐሳብ ይህን ይመስላል። የሚያስቀን ነገር አንድ ሥርዓት የሚጥስ፣ የሚያስደነግጥ ወይም የሚያስነውር ነገር አለበት። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ጉዳት እንደሌለው ይሰማናል። ሁለቱ ሲገጥሙ ሳቅ ይመጣል። ድንጋጤው ብቻ ካለ ፍርሃት ነው። ሰላሙ ብቻ ካለ ደግሞ ያሰለቻል።

ታዲያ ከሬሳ ሳጥን መነሳትን «ጉዳት የሌለው» የሚያስመስለው ምንድን ነው? ርቀት ነው። አገሩ ሩቅ ነው። ሰዎቹን አናውቃቸውም። ነገሩም ከመጠን በላይ እንግዳ ስለሆነ እውነተኛ ሰው ላይ የደረሰ አይመስልም። ተረት ተረት ይሸታል። በዚህ ላይ ጊዜ ሲጨመር ርቀቱ ይሰፋል።

ጊዜው እንዴት እንደሚሠራ ማግሮውና ባልደረቦቹ ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 መጨረሻ «ሳንዲ» የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻ መታ። እነሱ በአውሎ ነፋሱ ላይ የተጻፉ ቀልዶችን በተለያየ ጊዜ ለሰዎች እያሳዩ ምን ያህል እንደሚያስቁ ጠየቁ። ጉዳቱ በታየባቸው ቀናት ቀልዱ ይጎመዝዝ ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ጣዕም አገኘ። በ36ኛው ቀን አካባቢ ከምንጊዜውም በላይ አሳቀ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ለዛው ተሟጠጠ፤ ማንም ግድ አልነበረውም። ማለትም ቀልድ የሚበስልበት ጊዜ አለው። ቀድሞ ከወጣ ይጎዳል፣ ከዘገየ ይበርዳል።

ድሮ ይህን መለካት ቀላል ነበር። ቀልዱን የምትነግረው ሰው ፊትህ ቆሟል። ፊቱ ሲጠቁር ታያለህ፣ ነገሩን ወደ ሌላ ትመልሰዋለህ። ስልክ ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ለሃያ ሰው ይደርሳል። ሃያዎቹ ከጉዳዩ ያላቸው ርቀት ሃያ ዓይነት ነው። የሚስቁት ኢሞጂ ይልካሉ። የተጎዳው ዝም ይላል፣ ዝምታ ደግሞ ስክሪን ላይ አይታይም። ስለዚህ ከላይ ሲታይ ሁሉም የሳቀ ይመስላል።

ይህ ሁሉ የኢንተርኔት ልጅ ነው ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 «ቻሌንጀር» የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በተነሳች በ73 ሰከንድ ውስጥ ሰባት ሰዎች እንደያዘች አየር ላይ ተበታተነች። ከሰባቱ አንዷ አስተማሪ ስለነበረች ብዙ ተማሪዎች ክፍላቸው ውስጥ በቀጥታ ሥርጭት ያዩ ነበር። ቀልዶቹ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አገር ምድሩን አዳረሱት። ያን ጊዜ ሼር የሚባል ነገር የለም፤ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ነው። ቀልዶቹ ጨካኝ ነበሩ።

የፎክሎር ምሁሩ ኤሊየት ኦሪንግ በ1987 ስለነዚህ ቀልዶች ሲጽፍ አንድ ደስ የሚል ነገር አስተዋለ። ቀልዶቹ ውስጥ የማስታወቂያ ቃላትና የሸቀጥ ስሞች ተሰግስገዋል። ለምን? ሰው አደጋውን ያየው በቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ፍንዳታውን ያሳያል፣ ጋዜጠኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዝናል፣ ከዚያ ቀጥሎ የሸቀጥ ማስታወቂያ ይመጣል። ሐዘንና ገበያ ጎን ለጎን። እንደ ኦሪንግ አነጋገር ቀልዱ የሚቧጭረው ይህንን አቀራረብ ነው፤ እንድናዝን ታዝዘን ወዲያው እንድንገዛ የምንጋበዝበትን። ዛሬ ስልካችንን በአውራ ጣት ስንገፋ የምናየው ያንኑ ነው፣ ፍጥነቱ ብቻ ጨምሯል። የፈረሰ ከተማ፣ የምትደንስ ድመት፣ የጫማ ቅናሽ፣ የሞተ ሕፃን። በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ሁሉንም በእኩል አክብሮ የሚያነብ ሰው ካለ ላገኘው እፈልጋለሁ።

ወደዚያው ጁን 2023 ልመለስ፤ ወሩ ራሱ ጉድ የበዛበት ነው። በ14ኛው ቀን ስደተኞችን ያጨቀች አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ከግሪክ የባሕር ጠረፍ፣ ከፒሎስ ማዶ ሰጠመች። እስከ 750 ሰው ጭና ነበር ተብሎ ይገመታል። በሕይወት የተረፉት 104 ናቸው። ከአራት ቀን በኋላ፣ በ18ኛው ቀን፣ «ታይታን» የምትባል ትንሽ ሰርጓጅ አምስት ሰው ይዛ የታይታኒክን ስብርባሪ ለማየት ወረደች። ድምፅዋ ጠፋ። የቦታው ዋጋ በሰው 250 ሺህ ዶላር ነበር።

ከዚያ ያለውን ታስታውሱታላችሁ። ሰርጓጇ የምትነዳው ለቪዲዮ ጌም በሚሠራ መቆጣጠሪያ ነው ሲባል ሙድ መያዙ ጀመረ። ኦክስጅኑ የሚበቃው ለ96 ሰዓት ነው ሲባል ደግሞ ሰዓት ቆጠራ መጣ። ሰው የእግር ኳስ ውጤት እንደሚከታተል ቀሪውን ሰዓት ይከታተል ነበር። ሚሙ፣ ቪዲዮው፣ «ሀብታም ገንዘብ ሲበዛበት» የሚለው ፍርድ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ጎረፈ። በ22ኛው ቀን ስብርባሪው ከታይታኒክ አፍንጫ 500 ሜትር ገደማ ርቆ ተገኘ። የአሜሪካ ባሕር ኃይልም የመፈንዳት ድምፅ የሚመስል ነገር የሰማው ሰርጓጇ የጠፋች ዕለት እንደነበር ታወቀ። ማለትም ያን ሁሉ ሰዓት ስንቆጥርላቸው ሰዎቹ አልነበሩም። ከአምስቱ አንዱ የ19 ዓመት ልጅ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሳው ቁጣ አለ፦ «ለአምስት ሀብታም ዓለም ተነሳ፣ ለመቶዎች ስደተኛ ዝም አለ።» ልክ ነው። የሚገርመው ግን ሌላም አለ። በመርከቧ ላይ የተቀለደ ቀልድ እኔ አላየሁም። ያ ጨዋነት ይመስላል። ጨዋነት አልነበረም። ነገሩ ከንፈር ተመጠጠለትና ታለፈ።

ጆና በርገርና ካትሪን ሚልክማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ይህን ለመረዳት ይጠቅማል። ወደ 7,000 የሚጠጉ የኒው ዮርክ ታይምስ ጽሑፎችን ይዘው የትኞቹ ለሌላ ሰው እንደሚላኩ አዩ። ደም የሚያሞቁ ስሜቶች ይላካሉ፦ መደነቅ፣ ቁጣ፣ ሥጋት። ሐዘን ግን እጅ ያስራል። ያዘነ ሰው ስልኩን አስቀምጦ ይቀመጣል። ሰርጓጇ መደነቅም፣ ቁጣም፣ ሥጋትም ነበራት፤ በዚያ ላይ ሰዓት አላት። መርከቧ ያላት ሐዘን ብቻ ነው። ስለዚህ እንግዳው ዜና አሳዛኙን ዜና ሁልጊዜ ይቀድመዋል። አንድ አሳዛኝ ነገር እንዲወራለት ከተፈለገ ጎኑ ላይ አንድ እንግዳ ነገር መለጠፍ አለበት ማለት ይቻላል። ዜና የሚሠሩ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

እንግዳ ዜና ስል «ፍሎሪዳ ማን»ን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። «የፍሎሪዳው ሰውዬ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚህ ስም አንድ የትዊተር ገጽ ተከፈተ። የሚለጥፈው የእውነት ዜናዎችን ርዕስ ነው፤ «የፍሎሪዳው ሰውዬ አዞ ወርውሮ…» ዓይነት። አንድ ሰውዬ ሁሉንም ያደረገ ይመስላል። በ2019 ደግሞ ሰዉ የልደት ቀኑን ከ«ፍሎሪዳ ማን» ጋር ጎግል ላይ እየፈለገ የደረሰውን ርዕስ ይለጥፍ ነበር። እኔም ፈልጌያለሁ። ተናግሬ አልጨርሰውም።

ታዲያ የፍሎሪዳ ሰው እውነት የተለየ እብድ ነው? ዋናው ምሥጢር ሕጉ ላይ ነው። ፍሎሪዳ ከ1909 ጀምሮ የመንግሥት ሰነድ ለማንም ክፍት ይሁን የሚል ሕግ አላት፤ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ልል ከሚባሉት አንዱ ነው። ፖሊስ ሰው ሲይዝ ሪፖርቱንና ፎቶውን ጋዜጠኛ በቀላሉ ያገኘዋል። ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ነገር ሲፈጠር ፋይል ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። እዚያ በነጋታው ርዕስ ይሆናል። በዚያ ላይ ሕዝቡ ብዙ ነው። ስለዚህ የእብደቱን መጠን ሳይሆን የመዝገቡን ክፍትነት እያየን ነው የምንስቀው። ከርዕሶቹ ጀርባ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሱስ አለ፣ የአእምሮ ሕመም አለ፣ ቤት ማጣት አለ። ፎቶው ላይ ያ አይጻፍም።

ቀልድ ዜናውን ምን እንደሚያደርገው ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የማያሚው ጉዳይ ይመስለኛል፤ እሱም ያው ፍሎሪዳ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 2012 አንድ ሰው ጎዳና ላይ የሚኖር ሌላ ሰው ፊቱን ነከሰ። በደረሰው ፖሊስ ተተኩሶበት ሞተ። ዝርዝሩን አልጽፈውም፣ በጣም ይከብዳል። ወዲያው «ባዝ ሶልት» የሚባል አዲስ አደንዛዥ ዕፅ ሳይወስድ አልቀረም የሚል ግምት ከፖሊስ ወገን ተሰማ። ግምት ነበር። በሰዓታት ውስጥ እውነት ሆነ። ከዚያ «ዞምቢዎች መጡ» የሚለው ቀልድ ተነሳ። ቀልዱ እየገፋ ሄዶ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ድረስ ደረሰ። የማዕከሉ ቃል አቀባይ ሙት የሚያስነሳ ቫይረስ እንደማያውቁ ለጋዜጠኛ መልስ ለመስጠት ተገደደ።

ከአንድ ወር በኋላ የላቦራቶሪ ውጤት ወጣ። ሰውነቱ ውስጥ የተገኘው ማሪዋና ብቻ ነው። ባዝ ሶልት የለም።

አሁን ይህን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ። «አዎ፣ ያ ባዝ ሶልት የወሰደው» ይላችኋል። ለምን ይመስላችኋል? ቀልድ የተዘጋ ታሪክ ይፈልጋል። ማን፣ ምን፣ ለምን፣ አለቀ። «ምናልባት» ላይ ቀልድ አይሠራም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ግምት ይወስድና በምስማር ይመታዋል። ማስተካከያው ሲመጣ የሚያስቅ ነገር የለውም። «ለካ አልወሰደም» ብሎ ማን ይስቃል? ሳቅ የሌለው ነገር ደግሞ አይላክም። የተነከሰው ሰውዬ ተርፏል፤ የዓይኑን ብርሃን ግን አጥቷል። ዞምቢው ቀልድ ውስጥ እሱ ቦታ አልነበረውም።

በሬ ወለደ ወሬ ከእውነቱ ለምን እንደሚፈጥን በቁጥር ያዩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ፣ ኤም.አይ.ቲ. የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተሰራጩ 126,000 ገደማ ወሬዎችን መረመረ። ሐሰተኛው የመደጋገም ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ ይበልጣል። እውነቱ 1,500 ሰው ጋር ለመድረስ ሐሰቱ ከፈጀበት ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ ይወስዳል። «የሚያሰራጨው ሮቦት ነው» እንዳይባል ሮቦቶቹን አውጥተው አይተውታል፤ ውጤቱ ያው ነው። ሰው ነው የሚልከው። ለሐሰቱ የሚሰጠው ምላሽ ደግሞ መገረምና መጸየፍ የበዛበት ነበር። «ጉድ ነው!» እና «ኤጭ!» እንደ ማለት። እንግዳና አስጨናቂ ዜና የሚያጭረው እነዚህኑ ሁለቱን አይደል?

የጽሑፍ ቀልድ ሌላም ጣጣ አለው፦ ድምፅ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ሙከራ ላይ ሰዎች ግማሹ ምጸት የሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን በኢሜይል ላኩ። ተቀባዩ ምጸቱን በ78 በመቶ እንደሚለይ ገመቱ። የለየው በ56 በመቶ ነው፤ ሳንቲም ከመወርወር እምብዛም አይሻልም። በድምፅ የነገሯቸው ግን ወደ 73 በመቶ ለይተዋል። ስንጽፍ ድምፃችንን ጭንቅላታችን ውስጥ እንሰማዋለን፤ አንባቢው ዘንድ የሚደርሰው ፊደሉ ብቻ ነው። በ2012 «ዘ ኦኒየን» የተባለው የፌዝ ጋዜጣ የሰሜን ኮሪያውን መሪ ኪም ጆንግ ኡንን የዓመቱ ቆንጆ ወንድ ብሎ ሰየመ። የቻይናው ፒፕልስ ዴይሊ ድረ ገጽ የምሩን ነው ብሎ 55 ፎቶ አስደግፎ ዘገበው። ጋዜጠኛ ከተሸወደ፣ ግሩፓችን ውስጥ በስክሪንሾት የገባ ቀልድ ሦስተኛው ግሩፕ ሲደርስ ዜና ቢሆን ምን ይገርማል?

ጨዋታው መስመር የሚስትበት ሌላ መንገድም አለ፣ መርማሪ መሆን የሚያምረን ጊዜ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2013 የቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ፈነዳ። «ሬዲት» በሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ሰዉ ፎቶ እያጎላ፣ ቀይ ክብ እያሰመረ ተጠርጣሪ ፍለጋ ጀመረ። በቀልድ፣ በጉጉት፣ በቅንነትም የተቀላቀለ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ከአንድ ወር ገደማ በፊት ጠፍቶ ቤተሰቡ ሲፈልገው የነበረ አንድ ተማሪ ላይ ጣት ተቀሰረ። ቤተሰቡ ልጁን ለመፈለግ የከፈተው የፌስቡክ ገጽ በስድብ ስለተጥለቀለቀ መዝጋት ግድ ሆነ። ተማሪው ከፍንዳታው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በኋላ ሞቶ ተገኘ። ሬዲት በይፋ ይቅርታ ጠየቀ።

እነዚያ ሰዎች ራሳቸውን እንደ አሳዳጅ አላዩም። ማምሻውን ስልክ ይዘው ሲጫወቱ፣ «ይሄኛው አይመስላችሁም?» ሲባባሉ ነበር። እኛ ግሩፕ ውስጥ እንደምንባባለው።

የኢኳዶሯ እናት ነገር እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። ወደ ሆስፒታል ተመልሰው ሰባት ቀን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ቆዩ። ከዚያ አረፉ። የአገሩ ጤና ሚኒስቴርም መጀመሪያ «ሞተዋል» የተባለበትን ሁኔታ ማጣራት ጀምሮ ነበር። ይህን ያየሁት ሌላ ነገር ስፈልግ በአጋጣሚ ነው። ግሩፑ ውስጥ ማንም አልለጠፈውም። እኔ ለጠፍኩት።

አንዱ አውራ ጣት ላከ። ሌላው «አሁንስ አረጋገጡ?» አለ። ሳቄ መጣ፣ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ። ከዚያ ያቺ ጓደኛችን ስም ሥር «እየጻፈች ነው» የሚለው ብቅ አለ። በዚህ ጊዜ አልጠፋም።

«ሲያርፉ ሰው አጠገባቸው ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ዜናውን ከላይ እስከ ታች ደግሜ አነበብኩት። ያን አልጻፈም።